ዱባና ጭጋግ በሃፍ ሙን ቤይ

ኦክላንድ ልጄ ቤት በገባሁ በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄን አልጋ ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሞላ ነው። ገለጥ ገለጥ ባደርገው ሙታን ከሕያዋን ጋር ይጨፍራሉ። አማተብኩ። «ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ማን ሰጣት?» ብዬ ልጄን ስጠይቃት፣ «ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት ነው እማዬ፤ ጓደኞቿም ያነቡታል» አለችኝ። መደርደሪያዋ ላይ ሌላም አለ፤ የቬራ ብሮስጎል «የአንያ መንፈስ»። በስሟና በሩሲያዊነቷ የምታፍር ስደተኛ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ ከመንፈስ ጋር ትወዳጃለች፤ የወዳጅነቱ መጨረሻ አያምርም። እሱ ከፍ ላሉት ልጆች ነውና ሁለት ዓመት ይቆይ አልኩ።

የትራሱ ሥር መጽሐፍ «መናፍስት» ይባላል። ጽሑፉም ሥዕሉም የሬይና ቴልገማየር ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ታሪኩ የሚካሄድባት ከተማ የፈጠራ ናት፤ ስሟ በስፓኒሽ «የጨረቃ ወሽመጥ» ማለት ነው፤ ቦታዋም የሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ። እዚያው ጠረፍ ላይ ሃፍ ሙን ቤይ የምትባል እውነተኛ ከተማ አለች። ልጅቷ «ከዚህች ሌላ ልትሆን አትችልም» ብላ ድርቅ አለች። ቅዳሜ ሄድን።

11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የሳን ማቴዎ ድልድይ በጠራራ ፀሐይ ተሻገርን። መንገዱ ኮረብታውን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ወደ ውቅያኖሱ ሲወርድ ግን ጭጋግ ዋጠን፤ ልክ እንደ ጣርማ በር። ከታች የዱባ ማሳ ነው። እኔ ዱባ የማውቀው በወጥ ነው፤ እዚህ በየዓመቱ ያወዳድሩታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የተመዘነው አንዱ 1,247 ኪሎ ሆኖ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። በዚያ የሚሠራው ወጥ ስንት ሰፈር እንደሚያበላ እያሰብኩ ባሕሩ ዳር ደረስን።

ነጠላዬን ተከናንበን ተቀመጥንና ልጅቷ በተሰባበረ አማርኛዋ ታነብልኝ ጀመር። ካት ሳትወድ ጓደኞቿን ትታ አዲስ ከተማ የገባች፣ ፈሪና አኩራፊ ልጅ ናት። ታናሽ እህቷ ማያ ግን ደፋርና ለፍላፊ ናት፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ አለባት። ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም፤ በሽታውን ስሰማ ቀና አልኩ። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ የሚይዝ ሕመም ነው። የሳንባን አክታ እንደ ሙጫ ያወፍረዋል፤ የልጁን ግንባር ስትስሙት ጨው ጨው ይላል። ቤተሰቡ ወደ ጠረፍ የመጣው ለማያ አየሩ ይሻላል ብሎ ነው። የባሕር አየር በሽታውን አያድንም፤ ደራሲዋም ዳነች ብላ አላታለለችም። መናፍስቱ ጉልበት የሚያገኙት ከሕያዋን ትንፋሽ ነው፤ ማያ ያላትን ያህል ትሰጣቸውና ትወድቃለች። እሷ መናፍስቱን የምትፈልጋቸው መሞት ምን እንደሚመስል ልትጠይቃቸው ነው።

እዚህ ላይ ልጅቷ መጽሐፉን ከደነችው። «እማማ፣ አባባ ሲሞት ለምን ሳትነግሩኝ ቀራችሁ?»

«ፈተና ላይ ናት፣ መርዶው ይቆይ» ያልኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ስልክ በደወለች ቁጥር «ተኝቷል» እላት ነበር። በሥራ ዘመኔ ስንቱን ቤተሰብ «ለልጆቹ እውነቱን ንገሯቸው» ብዬ መክሬአለሁ! ለሷም ይህንኑ ነገርኳት፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ወዲያው ይቅር አላለችኝም። ጠጠር እየለቀመች ወደ ውኃው ስትወረውር ቆየች።

ተመልሳ ስትመጣ የቀረውን ተረከችልኝ። የካት እናት ከገዛ እናቷ ጋር ተኳርፋ ስለኖረች ሜክሲኮዎች በኅዳር መግቢያ ሙታናቸውን የሚያስቡበትን ሥርዓት ለልጆቿ አላስተማረቻቸውም። ፎቶና አበባ፣ ሟቹ የሚወደው ምግብም ይቀርባል። «እኛስ ምን እናደርጋለን?» አለችኝ። ስለ አርባው፣ ስለ ተዝካሩ፣ በረንዳችን ላይ ስለበሉት ነዳያን ነገርኳት፤ ጸሎተ ፍትሐቱን ማስረዳት ግን አማርኛዋም እንግሊዝኛዬም አልበቃን አለ። ማን እንዳለቀሰ፣ እኔ አልቅሼ እንደሆነ ሳይቀር ጠየቀችኝ። የጠየቀችኝን ሁሉ መለስኩላት።

ስንመለስ ማሳው ጋ መኪናውን አስቆመችን።

«አባባ ዱባ ይወድ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! በጾም እንኳ ዱባ ወጥ ሳቀርብለት ያኮርፍ ነበር።»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አንዲት ትንሽ ዱባ መርጣ ጭኗ ላይ አድርጋ ኦክላንድ ገባች፤ ማታ የአያቷን ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዳ ዱባዋን ከጎኑ አስቀመጠች።