በኢስት ከርክቢ ያየነው የአይሮፕላን እግር

ሰው አይሮፕላንን ባየ ጊዜ የሚያደንቀው ክንፉንና ሞተሩን ነው፤ እግሩን ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ነገር ግን ወደ ሰማይ የወጣ ሁሉ መውረዱ አይቀርምና የበረራው ፍጻሜ የሚታወቀው በእግሩ ነው። ይህንንም የተረዳነው በእንግሊዝ አገር በሊንከንሺር አውራጃ ኢስት ከርክቢ የምትባለውን መንደር በጎበኘን ጊዜ ነው።

ሊንከንሺር ሜዳው የሰፋ የእርሻ አገር ነው። በሊንከን ከተማ ኮረብታ ላይ የቆመው ታላቁ ካቴድራል ከሩቅ ይታያል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጀርመን የሚመለሱ አይሮፕላነኞች አገራቸው መግባታቸውን ከሚያውቁባቸው ምልክቶች አንዱ እርሱ ነበር። መሬቱ ሜዳ ስለ ሆነ የቦምብ ጣይ አይሮፕላን ጣቢያዎች በብዛት ተሠሩበት። የኢስት ከርክቢም ጣቢያ በ1943 ዓመት ተከፈተ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዛሬ በዚያ ስፍራ ላንካስተር የሚባለው አይሮፕላን በአዳራሽ ውስጥ ይታያል። የዚህ ዓይነት አይሮፕላን መጀመሪያ የበረረው በ1941 ዓመት ሲሆን በጠቅላላው 7,377 ተሠርተዋል። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 31 ሜትር ነው፤ አራት ሞተርና ሰባት ሰዎች ነበሩት። ጭነቱን ሞልቶ ሲነሣ ክብደቱ ወደ 300 ኩንታል ይደርስ ነበር። ይህ ሁሉ ሸክም የሚያርፈው ከፊት ባሉት በሁለት ትልልቅ መንኰራኵሮችና ከጅራቱ ሥር ባለችው በአንዲት ትንሽ መንኰራኵር ላይ ነው።

ከክንፉ ሥር ቆመን ስንመለከት እያንዳንዱ ትልቅ መንኰራኵር በሁለት ወፍራም የብረት እግሮች መካከል ተይዟል። በእግሮቹ ውስጥ ዘይትና አየር አለ። አይሮፕላኑ መሬት ሲነካ እግሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የምቱን ኃይል ያበርዳል፤ አየሩም እየታመቀ እንደ ሞላ ሸክሙን ይቀበላል።

አሞራ በበረረ ጊዜ እግሩን እንደሚያጥፍ ላንካስተርም ከመሬት እንደ ተነሣ እግሩን ያጥፋል፤ የተዘረጋ እግር ነፋሱን ተቃውሞ ፍጥነትን ይቀንሳልና። አብራሪው ሲያዝ ከመቀመጫው በስተ ቀኝ ያለው ዘንግ ይነሣል። ያን ጊዜ ከውስጠኞቹ ሁለት ሞተሮች ኃይል የሚያገኙ ፓምፖች ዘይቱን በቱቦ ይገፋሉ፤ ዘይቱም ፒስተኖቹን ገፍቶ መንኰራኵሮቹን ወደ ኋላና ወደ ላይ ያጥፋቸዋል። እነርሱም ከውስጠኞቹ ሞተሮች ኋላ በተዘጋጀላቸው ቤት ይገባሉ፤ መዝጊያውም ይዘጋባቸዋል። የጅራቱ መንኰራኵር ግን አይታጠፍም።

አብራሪው ከተቀመጠበት ሆኖ እግሮቹን በደንብ ማየት ስለማይመቸው ነገሩን የሚያውቀው በመብራት ነው። እግሮቹ ወርደው ሲቈለፉ ሁለት አረንጓዴ መብራቶች ይበራሉ፤ ሳይቈለፉ በመካከል ሲሆኑ ቀይ ይበራል፤ ወደ ላይ ገብተው ሲቈለፉ ምንም አይበራም። ደግሞም እግሩ ሳይወርድ የሞተሩን ኃይል ቢቀንስ ጡሩምባ ጮኾ ያስጠነቅቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው ይህ ነው። እግሮቹን ለማንሣት የተሰጠው ብልሃት አንድ ብቻ ሲሆን ለማውረድ ግን ሁለት ተሰጥቷል። በጦርነቱ ላይ የዘይቱ ቱቦ በጥይት ቢበጠስ በብረት ጠርሙስ የታመቀ አየር ተለቆ እግሮቹን ወደ ታች ይገፋቸዋል። የሠሩት መሐንዲሶች ከመሄዱ ይልቅ ለመመለሱ አብልጠው አስበዋል። ሆኖም መብራቱ የሚናገረው ስለ መቈለፉ ነው እንጂ ስለ ጎማው አይደለም፤ በጥይት የተቀደደ ጎማ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ መሬት ሲነካ ነበር።

የሚመለስበት ሳያገኝ የቀረውም ብዙ ነው። በ1944 ዓመት በመጋቢት ወር መጨረሻ በአንዲት ሌሊት ወደ ኑረንበርግ ከሄዱት 795 አይሮፕላኖች 95ቱ ጠፉ። ሃሊፋክስ በሚባለው በሌላው ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ የበረራ መሐንዲስ የነበረ አንድ የሊንከንሺር ወጣት በዚያች ሌሊት ሞተ። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹ ከብዙ ዘመን በኋላ በእርሻ ሥራ ካፈሩት ገንዘብ ይህን ላንካስተር ገዝተው፤ በዚሁ በቀድሞው ጣቢያ ለወንድማቸው መታሰቢያ አቆሙት። እነዚህ አይሮፕላኖች የጣሉት ቦምብም በጀርመን ከተሞች የብዙ ቤተ ሰብ ቤት እንዳፈረሰ አይዘነጋም፤ ኀዘኑ በሁለቱም ወገን ነበረ።

በጎበኘንበት ቀን አራቱ ሞተሮች ተነሥተው አይሮፕላኑ በሣሩ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ አልበረረም። ከአጠገባችን የቆሙ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው የሚመለከቱት ክንፉን ሳይሆን መንኰራኵሩን ነበር። እኛም ልጁን መንገድ የሚሰድ ቤተ ሰብ ሁሉ ስንቁን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም አስቀድሞ ማሰብ እንዲገባው እያሰብን ከዚያ ስፍራ ተመለስን።