እጩ ያልሆነው ክፍል

የእጩዎች ዝርዝር የወጣ ቀን እኔን ማናገር አይቻልም። ጓደኞቼ ይህን ስለሚያውቁ "ዛሬ ተዋት፣ እጩዎች ወጥተዋል" ይባባላሉ። የዓመቱ ምርጥ ተከታታይ ድራማ፣ ምርጥ ተዋናይት፣ ምርጥ ተዋናይ እያልኩ ከላይ ወደ ታች እወርዳለሁ። የጠበቅሁት ስም ከሌለ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ፣ ምናልባት ዘልዬው ይሆናል ብዬ። ከዚያ ንዴት ነው። "እንዴት እሷን ይረሷታል? ይሄንን ድራማ ማን አየው ደግሞ?" እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስጨቃጨቅ እውላለሁ።

ይህ አመል የጀመረኝ ፍኖተ ሰላም ነው። "ሰው ለሰው" በኢቲቪ በሚተላለፍበት ዘመን ተማሪ ነበርኩ። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያላቸው ቤቶች ድራማው ሲደርስ በር አይዘጉም ነበር፤ ቢዘጉም አንኳኩተን እንገባለን። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ብቅ ሲል ቤቱ በሙሉ ይራገማል። ከተራጋሚዎቹ ሁሉ የምትብሰው አክስቴ ነበረች፣ እትየ። የምትኖረው በማንኩሳና በቡሬ መሃል ገጠር ነው። ለገበያ ወይም ለሐኪም ከተማ ስትመጣ እኛ ቤት ታድራለች፤ ያደረችበት ቀን ድራማ ካለ ደግሞ በርበሬዋን እየቀነጠሰች ታያለች። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፣ እጇ በርበሬው ላይ። አንድም ቀን አሸዋ የገባበት በርበሬ ሲያመልጣት አላየሁም፤ አንድም ቀን ደግሞ ትወናው የተበላሸበት ቦታ አላመለጣትም።

የእትየ ዳኝነት የተለየ ነው። አንዲት ተዋናይት ባላገር ሆና እንዝርት ስታሾር ካየች "ይች ልጅ ጥጥ ነክታ አታውቅም" ትላለች። ሰውየው ሞፈር ተሸክሞ ሲገባ "ምነው እንደ ጃንጥላ ያዘው?" ብላ ትስቃለች። ገጠሬ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅላፄ፣ ያውም ለማሳቅ፣ እንዲያወራ ሲደረግ ግን አትስቅም። "እኛ እንዲህ ነው የምንናገር?" ትላለች፣ በዚያው በጎጃም ቅላፄዋ። 2014 ላይ "እረኛዬ" በአርትስ ቴሌቪዥን ሲጀመር ድርብወርቅ ሰይፉ እማማ ቹኒን ሆና ስትመጣ ግን ዝም አለች። ቆይታ "ይችስ ሰው ናት" አለች። ከእሷ አፍ ከዚህ የበለጠ ሽልማት አልሰማሁም።

አገራችን ውስጥ የፊልምና የድራማ ሰው ስሙ የሚጠራባቸው መድረኮች ብዙ አይደሉም። ለዛ አለ፤ ከብርሃኑ ድጋፌ የሬዲዮ ፕሮግራም የወጣ፣ የአድማጮች ምርጫ የሚባለው። ጉማ አለ፤ በዮናስ ብርሃነ መዋ የተጀመረ፣ ስሙን ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ ከሠራው ፊልም የወሰደ፣ በዋናነት ባለሙያ ዳኞች የሚመዝኑት። ለዓመታት የተከራከርኩት "ሕዝብ ይምረጥ ወይስ ባለሙያ?" በሚለው ላይ ነበር። ሕዝብ ሲመርጥ ዝነኛው ያሸንፋል፣ ባለሙያ ሲመርጥ ትውውቅ ይጠረጠራል። የእኔ አቋም እንደ ውጤቱ ይቀያየራል፤ የወደድኩት ካሸነፈ ሕዝቡ አዋቂ ነው፣ ከተሸነፈ ዳኛ ያስፈልጋል። እትየ ከየትኛው ወገን እንደምትመደብ ግን አስቤው አላውቅም። ድምፅ የሚሰጠው በኢንተርኔት ነው፤ የእሷ ስልክ ደግሞ ባትሪው ሦስት ቀን የሚቆይ፣ የእጅ ባትሪ ያለው ስልክ ነው።

ከዚያ 2015 መጣ። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ፣ ለወራትም አልተመለሰም። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ብዙ ሰው ሞተ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነ ከተማዬን በውጭ አገር ዜና ላይ ስትጠራ የሰማሁት ያን ሳምንት ነው። ስልክ ሲሠራ እደውላለሁ፣ ሳይሠራ እጠብቃለሁ።

እትየ ስታገኘኝ ስለ ተኩስ አታወራም። "ደኅና ነን፣ እግዜር ይመስገን" ትልና ወዲያው "ድራማው የት ደረሰ?" ትለኛለች። መብራት የለም፣ ከተማ መውረድም የለም፤ እኔ ግን ዩቲዩብ ላይ አየዋለሁ። ስለዚህ መተረክ ጀመርኩ። የድራማውን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱን ትደርሱበታላችሁ።

እትየ መተረክ ለሚባል ነገር ቀላል አድማጭ አይደለችም። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲያነብ የሰማች ሴት ናት። የበዛብህ አገር ማንኩሳ ከደጇ ስለሆነ ታሪኩን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው የምታወራው። እና እኔ፣ ካርድ እየሞላሁ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ "ከዚያ በሩን ከፍቶ ገባ" እላለሁ። እሷ "እሽ" ትላለች። "እናቱ ቀና ብላ አየችው።" "እሽ።" ከጀርባዋ ሌሎች ድምፆች ይሰማሉ፤ ጎረቤቶቿ ስልኩን ከበው ያዳምጡ ነበር።

አንድ ሳምንት ያ ድራማ ልጁን ገደለው። እናትየዋ የሬሳ ሳጥን አቅፋ የምታለቅስበት ረጅም ክፍል ነው። በዚያው ሳምንት የእትየ ልጅ ወደ ቡሬ እንደወጣ ድምፁ ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ደወለች። "እህ፣ የት ደረሰ?" አለችኝ።

አልቻልኩም። ልጁ በሌሊት ወደ ቤቱ መጣ አልኳት። በሩን አላንኳኳም፤ መጀመሪያ በረት ገብቶ ጥጃዋን ዳበሳት። እናትየው የጥጃዋን ድምፅ ሰምታ "ሌላ ሰው ቢሆን ትደነብር ነበር" ብላ፣ መብራት ሳታበራ፣ ሁለት ሰው የሚበላው እንጀራ አቀረበች። ይኸው ነው። እትየ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ከጎኗ አንዲት ሴት "እልል" ስትል ሰማሁ።

ልጇ ከአራት ቀን በኋላ ደወለላት። ደኅና ነበር። እኔ ግን የድራማውን ታሪክ ማስታረቅ አቃተኝ። ቀጥሎ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ልጁ በሕይወት እንዳለ አድርጌ ፈጠርኳቸው።

ከወራት በኋላ የአንድ ሽልማት እጩዎች ዝርዝር ወጣ። እንደ ልማዴ ስጨቃጨቅ ውዬ ማታ እትየ ደወለች። ወሬው እሷም ጋ ደርሷል። "አንብቢልኝ እስቲ" አለች። አነበብኩላት። ያ ድራማ ከዝርዝሩ የለም። እውነቱን ለመናገር መኖርም አልነበረበትም፤ ደካማ ድራማ ነው፤ እኔ ራሴ "ከእጩዎች ውጭ ሆኖ እፎይ አልን" ብዬ የጻፍኩ ነኝ።

"ምነው? ያን የጥጃውን ነገር አላዩትም?" አለች።

"አይተውት ይሆናል፣ እትየ።"

"ካዩትማ አይዘሉትም። እኔ ስንት ድራማ አይቻለሁ፣ የኛን ቤት እንዲህ ያወቀ አላየሁም። ያን የጻፈ ሰው ከብት ያሳደገ ነው። አንች ድምፅ ስጭ ብለው ጠይቀውሽ የለ? እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። በኔም ስም ንገሪያቸው።"

እነግራቸዋለሁ አልኳት። ለማን እንደምነግር ግን አላውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ቀን የጻፍኩትን ከፍቼ አነበብኩት። "ማን አየው ደግሞ?" ብዬ የቀለድኩበት አረፍተ ነገር እዚያው ነበር። በአንድ ስልክ ዙሪያ ተቀምጠው የሰሙት ሰዎች በየትኛው ቁጥር ውስጥ ይገባሉ? ድራማውን አላዩትም። ያዩ ያህል ግን አለቀሱ፣ እልል አሉ፣ ተከራከሩ። አጠፋሁት።

አሁንም የእጩዎች ዝርዝር ሲወጣ እናደዳለሁ፣ ያ አመል አይለቅም። ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ስሙ ቢጠራ ደስ ይለኛል፤ እንዝርት አያያዝ ለመማር ሳምንት ገጠር የተቀመጠች ተዋናይት ካለች ደግሞ በግሌ እጮኻለሁ። ግን ድምፅ ከመስጠቴ በፊት እትየ ጋ እደውላለሁ። ዝርዝሩን አነባለሁ፣ እሷ ትመርጣለች፣ እኔ የእሷን እልካለሁ። የእኔ ምርጫ ሌላ ቢሆንም።

እውነቱን ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ባለፈው ገና አገር ቤት ስሄድ ልነግራት አስቤ ነበር። በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ። አጠገቧ ተቀምጬ መቀንጠስ ጀመርኩ። "እትየ፣ ያ የጥጃው ነገር..." ስላት ቀና ሳትል "ዝም በይ፣ ልስማበት" አለችኝ።