31 ፕለጊን እና እማዬ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፖለቲካም ስለ ፍቅርም አይደለም። ስለ ፕለጊን ነው። «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ነው?» እንዳትሉኝ። ብሎግ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሌላችሁ ደግሞ የሞባይል ካርዳችሁን ማን እንደሚበላው ለማወቅ ስትሉ ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጋዜጠኝነት ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ጫማዬን እየጨረስኩ ሳለ ብሎግ ከፈትኩ፤ በወርድፕረስ። ወርድፕረስ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ስትረከቡት ልክ እንደ አዲስ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግድግዳና ጣሪያ አለው፣ ፊኒሽንጉ የእናንተ ነው። ፊኒሽንጉ እንግዲህ ፕለጊን ነው። ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው፣ ጠቅ ስታደርጉት ብሎጋችሁ ላይ አዲስ ሙያ የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የተጀመረው፤ ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሉ፣ ብዙዎቹም በነፃ።

ነፃ ሲባል ደግሞ እኔ እጄን መሰብሰብ አልችልም! አይፈለጌ አስተያየት የሚያጣራ ጫንኩ። ጎብኚ የሚቆጥር ጫንኩ። «ቢሳሳትስ?» ብዬ ሌላ ቆጣሪ ደረብኩበት። ፎቶ የሚያንሸራትት፣ የፌስቡክ ቁልፍ የሚደረድር፣ «ይህንንም ያንብቡ» እያለ የሚለምን… ምን አለፋችሁ፣ ለፈረንጆች ገና ብዬ ገጹ ላይ በረዶ የሚያዘንብ ሁሉ ጭኜ ነበር። አንድ ቀን ስቆጥራቸው 31 ደርሰዋል።

ስለ አያቴ የጻፍኩት ያኔ ነው። አያቴ ደሴ ሰኞ ገበያ ቅመም እየቸረቸረች «6 ልጅ ወልዳ ያሳደገች» ሴት ነበረች፤ እንደዚያ ብዬ ነው የጻፍኩት። ባረፈች በዓመቷ፣ ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ቆይቼ አወጣሁትና ሊንኩን ደሴ ላለችው እማዬ ላክሁላት። ማታ ደወልኩ።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት የኔ ልጅ። በጣም ቆንጆ ነው።»

«የቱ ጋ ደስ አለሽ?»

ዝም። ከዚያ፣ «ሁሉም» አለችኝ።

እናቴን አውቃታለሁ። ስለ እናቷ የተጻፈ ነገር አንብባ «ሁሉም» ብላ የምታልፍ ሴት አይደለችም። ታናሽ ወንድሜን ወጥሬ ስይዘው እውነቱን አወጣው። ሊንኩን ስትነካው ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ክብ ነገር ብቻ ትሽከረከራለች። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ያቺ ትንሿ የቀን ፓኬጇ አለቀች። «እንዳትነግራት፤ ለፍታበታለች» ብላው ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነስቼ የገጹን ክብደት ለካሁት፤ 8 ሜጋባይት! ጽሑፉ ብቻውን 50 ኪሎባይት አይሞላም። የቀረው ያልተቀነሱ ፎቶዎችና የፕለጊኖቼ ጓዝ ነበር። ብዙ ፕለጊን ተፈለገም አልተፈለገም በየገጹ የራሱን ኮድ ጭኖ ይመጣል። እኔ በነፃ አገኘሁ ያልኩትን ለካ እማዬ በካርዷ ስትከፍልልኝ ኖራለች።

በማግስቱ ጽዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የብሎጉን ሙሉ ቅጂ አስቀመጥኩ። (ይሄን የዘለለ ኋላ ያለቅሳል።) ከዚያ ሁሉንም አጥፍቼ አንድ በአንድ እያበራሁ መፈተሽ ያዝኩ። ሁለቱ ቆጣሪዎች ሲገናኙ ተጣሉና ብሎጉ እንዳለ ወደቀ፤ እኔንም አላስገባ አለኝ! ላቤ ጠብ እስኪል ደንግጬ፣ ሰርቨሩ ላይ የአንዱን ቆጣሪ ማህደር ስም ቀየርኩት። ወርድፕረስ ሲያጣው ትቶት አለፈ፣ ብሎጉም ነፍስ ዘራ።

ከዚያ ወዲህ ፕለጊን የምመርጠው ቤት አከራይ ተከራይ እንደሚመርጠው ነው። መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ከአዲሱ ወርድፕረስ ጋር ተሞክሯል? ሰዎች ችግራቸውን ሲጽፉ መልስ የሚሰጥ አለ? ይሄ ጨዋታ አይደለም። ዲስፕለይ ዊጀትስ የሚባል ወደ 200,000 የሚጠጉ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበት ፕለጊን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሠሪው ሸጠው፤ ገዢው ደግሞ በሰው ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ኮድ ደበቀበት፤ በዚያው ዓመት ከማከማቻው ተባረረ። የትናንቱ ጨዋ ተከራይ ዛሬ ቁልፉን ለማን እንደሰጠ ካልተከታተላችሁ አታውቁም።

ኑዛዜም አለኝ። በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ስለሌለኝ ያን ፎቶ አንሸራታች ክራክ የተደረገውን ከቴሌግራም ነበር ያወረድኩት። ሰው ለምን ደክሞ ክራክ አድርጎ በነፃ ያድለኛል ብዬ አልጠየቅሁም። እንዲህ ያሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ የጓሮ በር ተሠርቶ ይመጣል። መጀመሪያ የሄደው እሱ ነው። ስትሸኙ ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሰርዙት። የጠፋ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀር፣ ቀዳዳ ካለው ሌባ ይገባበታል።

31 የነበሩት 7 ቀሩ። ፎቶዎቹንም አሳነስኩ። ገጹ 600 ኪሎባይት ሆነ። ለእማዬ «ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፣ እስኪ ድጋሚ እዪው» ብዬ ላክሁላት። ወንድሜ የነገረኝን አላነሳሁም።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ደወለች። ድምፅዋ ታፍኗል። ሚጥሚጣውና በርበሬው የተደባለቀበትን ቀን አነሳችልኝ፤ ለካ የደባለቀችው ራሷ እማዬ ናት፣ አያቴ ናት ለሰው «እኔ ነኝ» ያለችው። ከዚያ ዝም አለችና፣

«ልጄ፣ 6 አይደለንም እኮ» አለችኝ። «7 ነን። በሕፃንነቱ የሞተውን አልቆጠርሽውም። እሷ ሁሌም ትቆጥረው ነበር።»

አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ ሁለት ቆጣሪ ጭኜ፣ የአያቴን ልጆች በትክክል አልቆጠርኩም። እማዬ ገጹ ባይከፈትላት ኖሮ ስህተቱ እዚያው ተቀምጦ ይቀር ነበር።

አሁን ጽሑፉ ላይ 7 ይላል።

ቸር ይግጠመን!