የልብስ ሰፊው አባቴ አማና



የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ጠዋት ከሆስፒታል ስመለስ በራችን ላይ የሴቶች ጫማ ተደርድሮ አየሁ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ በሰው አገር የምትኖሪ ታውቂዋለሽ። ማንም ሳይናገር «አባዬ ነው?» አልኳቸው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አባቴ ደሴ ላይ ከፈጅር ሶላት በፊት ወደ አኺራ ሄዷል። እኔ እዚህ ሚኒያፖሊስ የሰው አባት ሳገላብጥና መድኃኒት ስሰጥ ባደርኩበት ሌሊት እሱ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ከዙህር በኋላ ተቀብሮ ነበር።

ስለ እሱ ትንሽ ላጫውትሽ። ልብስ ሰፊ ነበር። በአንድ ሲንጀር መኪና አምስት ልጆች አሳድጓል። ብዙ አልተማረም፤ ሰው የሚያወራለት ትልቅ ሰደቃም አልሰጠም። ግን ጨርቅ አምጥቶ ያሰፋ ሰው ልብሱን ሲወስድ ትራፊውን አጥፎ አብሮ ይሰጠው ነበር። ልጅ ሆኜ ለአሻንጉሊቴ ልብስ የሚሆን ቁራጭ ስለምነው «የኛ አይደለም ልጄ» አለኝና ከራሱ አሮጌ ሸሚዝ ቆርጦ ሰጠኝ።

ለእማዬ ደግሞ፣ ያ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ሳይበግረው፣ ሌሊት ቀድሟት ተነስቶ የውዱእ ውሃ ያሞቅላት ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር ተናግራለች። ይህን ሐዲስ አድጌ ስሰማው አዲስ አልሆነብኝም፤ ቤታችን ውስጥ ሲሠራበት አይቻለሁ። አሁን እማዬ ዒዳ ላይ ናት፤ 4 ወር ከ10 ቀን። ለቅሶ ደራሽ ሲበዛ አትከፋም። የሚከብዳት ከፈጅር በፊት ውሃውን ራሷ ስትጥድ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያመኝን ልንገርሽ። ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት በቪዲዮ ስናወራ ሦስት ትራስ ተደግፎ አየሁት። «እግርህን አሳየኝ» አልኩት፤ አብጧል። ነርስ ነኝ፤ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ካጠረው፣ እግሩም ካበጠ፣ ልቡ መድከሙን ሊያመለክት እንደሚችል አውቃለሁ። ወንድሜ ሐኪም ቤት ወሰደው፣ መድኃኒትም ጀመረ። እኔ ግን «ለረመዳን እመጣለሁ» አልኩት። ያን ቃል ስሰጠው ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ምክንያት አልደረድርልሽም። መሄድ እችል ነበር።

ስለዚህ ወላጆችሽ ጋ ስትደውዪ «ደህና ናችሁ?» ብለሽ ብቻ አትዝጊ። በስንት ትራስ ነው የምትተኙት? ጫማችሁ ጠበባችሁ ወይ? ደረጃ ስትወጡ ታርፋላችሁ? ብለሽ ጠይቂ። «አልሐምዱሊላህ ደህና ነን» ማለታቸው ለአላህ ምስጋና ነው እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም።

ከቀብሩ በኋላ ወንድሜ ሱቁን ሲከፍት አንድ ደብተር አገኘ። ልብሳቸውን ሳይወስዱ የቀሩ የሰባት ሰዎች ስም፣ ልኬትና የከፈሉት ቀብድ ተጽፎበታል። ከስድስት ዓመት በፊት የመጣ ጨርቅ ሁሉ አለ። ከታች «አማና ነው፣ እንዳትሸጡት» ይላል። ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት የሟች ዕዳ እንዲከፈል አላህ በቁርኣኑ ደንግጓል፤ ወንድሞቼም ቤት ለቤት ዞሩ። አምስቱን አገኟቸው። አንዱ ሞቷል፤ ለልጆቹ ሰጡ። አንዷ ዐረብ አገር ሄዳለች አሉ፤ ጨርቋን እማዬ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣ እየጠበቀቻት ነው። የቀብዱን ገንዘብ እኔ ከዚህ ላክሁ። በአባቴ ስም የላክሁት የመጨረሻው ገንዘብ እሱ ሆነ።

ጀናዛው ላይ አለመገኘቴ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነጃሺን አሰብኩ። የሐበሻው ንጉሥ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሆነው ሰሐቦቻቸውን አሰልፈው በ4 ተክቢራ ሰገዱበት። በሩቅ በሞተ ሰው ላይ በመስገድ ጉዳይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው፤ የምታምኚውን ኡስታዝ ጠይቂ። እኔን ያጽናናኝ ግን ይህ ነው፦ ለቀብሩ ባልደርስም ዱዓዬ ይደርሰዋል።

ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ሦስት ነገር ሲቀር፦ የማይቋረጥ ሰደቃ፣ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት ሷሊሕ ልጅ። እኔ አባቴ ዕውቀት የተወ አይመስለኝም ነበር። የስድስት ዓመት ልጄ ግን ፋቲሓን የተማረችው ከሱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በዋትሳፕ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሳይሰለች ከመጀመሪያው ይጀምርላት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን ይዛ መጣችና «የአባባ ሰዓት ደረሰ» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ። አጠገቤ አስቀመጥኳትና አብረን ቀራን። መጨረሻው ላይ ስትደርስ «እንዲህ አይደለም» ብላ ቆመች፤ ዷድን እሱ እንዳሳያት ምላሷን አስተካክላ ደገመችው። ከዚያ «አሚን» አልን። ይችም አማናው ናት። በየሶላቷ ፋቲሓን በቀራች ቁጥር ለሱ አጅር እንደሚጻፍለት ከአላህ እከጅላለሁ።

እህቴ፣ ወላጆችሽ በሕይወት ካሉ ትኬቱን ዘንድሮ ቁረጪ። ከሄዱብሽም ዕዳቸውን ጠይቀሽ ክፈዪ፣ ከዱዓሽም አትርሺያቸው። አላህ አባቴን ይዘንለት፣ ቀብሩን ያስፋለት፣ እማዬን ሶብር ይስጣት፣ ሁላችንንም በጀነት ያገናኘን። አሚን።