«ሥራ አለህ» ያለችኝ ሴትዮ

ሥራ ፈትቶ ቤት የተቀመጠ ሰው «አንተኮ ሥራ አለህ» ቢባል ምን ይላል? እኔ ስቄ ነበር። የንዴት ሳቅ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ቀርቼ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንድ ቀን መረጃ የምትሰበስብ ሴት ወረቀቷን ይዛ በራችንን አንኳኳች። «ባለፉት 7 ቀናት ለአንድ ሰዓት እንኳ ሠርተሃል?» አለችኝ። «ኧረ እኔ ሥራ የለኝም» አልኳት። እናቴ ምጣዱ ጋ ሆና «ታዲያ እንጀራውን ለየሱቁ የሚያደርስልኝ ማነው?» ብላ ጣልቃ ገባች። ሴትዮዋ ፈገግ አለችና «እንግዲያው ሥራ አለህ» ብላ ምልክቷን አድርጋ ሄደች።

በኪሴ የታክሲ እንኳ የለኝም! በኋላ ሳጣራ ግን ሴትዮዋ አላጠፋችም። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ፣ በሳምንት ውስጥ ለክፍያ ወይም ለቤተሰብ ንግድ 1 ሰዓት የሠራ ሰው ከሥራ አጥ አይቆጠርም። ስለዚህ የሥራ አጥ ወጣቶች ቁጥር በዜና ሲነገር ስትሰሙ፣ እንደኔ ዓይነቱ ላይኖርበት እንደሚችል እወቁ።

ቤታችን ኮተቤ ነው። ማስታወቂያ የሚለጠፈው ደግሞ አራት ኪሎ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ከእናቴ የታክሲ እየተቀበልኩ እሄዳለሁ፤ ጋዜጣ ተከራይቼ አነባለሁ፤ ሰሌዳው ፊት እጋፋለሁ። ማመልከቻዬ አንድ ዓይነት ነው፦ «የተገኘውን ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ።» ኮፒ አስደርጌ በየቢሮው በተንኩት። ማንም አልጠራኝም።

እውነቱን ልናገር? ኋላ ኋላ ታከተኝና የታክሲውን ገንዘብ ይዤ ፑል ቤት መዋል ጀመርኩ። ማታ ስገባ እናቴ «ምን አሉህ ልጄ?» ትለኛለች። «ይደውላሉ» እላታለሁ። ያ ብር ከእንጀራ ሽያጭ የወጣ መሆኑን እያወቅኩ!

ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ጎረቤት ነበሩን። አንድ ቀን ማመልከቻዬን ተቀብለው አነበቡና «ይሄ ማመልከቻ ነው ልመና?» አሉኝ።

«ምን ልበል ጋሼ?»

«የምትችለውን ነዋ!»

«ምንም አልችልም።»

«የእናትህን ዱቤ ማነው የሚመዘግበው?»

«እኔ።»

«የስንት ሱቅ?»

«የ9።»

«ስንት ጊዜ ሒሳብ ተሳሳትክ?»

ዝም አልኩ። አንዴም አልተሳሳትኩም ነበር።

አዲስ ማመልከቻ አጻፉኝ። የ9 ሱቆችን ዱቤና ርክክብ ለ2 ዓመት መመዝገቤን፣ በየሳምንቱ ሒሳብ መዝጋቴን ጻፍኩ። ከባለሱቆቹ አንዱ «እውነት ነው» ብሎ ፈረመልኝ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንድ መጋዘን ዕቃ መዝጋቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ለእናቴ ስነግራት «ደወሉ እንዴ?» አለችኝ። ደወሉ! ያ «ሥራ አለህ» ያስባለኝ የእንጀራ ዱቤ ነው ሥራ ያስያዘኝ።

ዕድል ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ዕድል ነው እል ነበር፤ በዚሁ በከተማችን የተደረገ አንድ ጥናት እስካነብ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ይህ ጥናት ከ3000 በላይ የአዲስ አበባ ወጣቶችን ይዞ ዕጣ አወጣ። ለአንዱ ቡድን መሀል ከተማ እየመጣ ሥራ እንዲፈልግ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠው። ሌላው ማመልከቻና ሲቪ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ አቀራረብ ተማረ፤ ችሎታውም ተፈትኖ ሰርተፍኬት ያዘ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም።

ዕጣው ለምን? ጎበዙ ልጅ በራሱ ፈቃድ ሰልጥኖ ሥራ ቢያገኝ፣ ያስቀጠረው ሥልጠናው ይሁን ጉብዝናው አይለይም። ዕጣ ግን ጎበዝና ሰነፍ አይመርጥም። ስለዚህ በቡድኖቹ መካከል የሚታየው ልዩነት የእርዳታው ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ጠቀሙ። ከ4 ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ጥቅም ጠፍቶ ተገኘ። ችሎታቸውን ማሳየት የተማሩት ግን ገቢያቸው ከፍ ብሎ፣ በሥራቸውም ረግተው ተገኙ። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው የጠበበ የነበሩት ናቸው። ለካ ያጣነው ችሎታ አይደለም፤ ችሎታችን ለቀጣሪው አለመታየቱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አትሸወዱ። ይህ አማካይ ነው፤ ሰልጥኖ ሥራ ያጣም አለ። ደግሞስ ሁላችንም ግሩም ማመልከቻ ብንጽፍ፣ ወንበሩ አንድ ከሆነ የሚቀመጠው አንድ ሰው አይደል? ሥራ ራሱ መፈጠር አለበት።

የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች የተለዩት በዕጣ ነበር። ድሆች መንገድ እያጸዱ፣ አረንጓዴ ቦታ እየተንከባከቡ ይከፈላቸዋል። «መጥረጊያ ይዞ መዋል ምን ሥራ ነው!» ብዬ የቀለድኩ ሰው ነኝ። አጥኚዎች ግን ሠፈር ከሠፈር አነጻጽረው፣ ሰው ከየት ወዴት ለሥራ እንደሚመላለስ አስልተው ያገኙት ሌላ ነው። መጥረጊያ የያዙት ሰዎች ሌላውን ሥራ ቀነስ ስላደረጉ የግል ቀጣሪው ክፍያ ለመጨመር ይገደዳል። ፕሮግራሙ ከተማውን በሙሉ ሲያዳርስ የግል ሥራ ክፍያ በ18.6 በመቶ እንደሚጨምር በስሌታቸው ደርሰውበታል። መጥረጊያ ያልነካው ሰው ሳይቀር ተጠቀመ ማለት ነው። ቀልዴን አንስቻለሁ!

ታዲያ ቤት ለተቀመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ምክሬ አጭር ነው። ዛሬ ማታ ደብተር አውጡና ቤት ውስጥ፣ ሠፈር ውስጥ፣ ዕድር ውስጥ የምትሠሩትን ሁሉ ከነቁጥሩ ጻፉ። ስንት ሰው? ስንት ጊዜ? ስንት ብር? ከዚያ የሚመሰክርላችሁ ሰው ፈልጉና አስፈርሙ። «ማንኛውንም ሥራ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከማመልከቻችሁ ሰርዟት።

እናት አባቶችም የታክሲውን ስትሰጡ ማመልከቻውን አንዴ አስነብቡ። ልጁ ፑል ቤት የሚውለው ሁልጊዜ ከስንፍና አይደለም። እኔን «ምን አሉህ?» የሚለው ጥያቄ ነበር የሚያሸሸኝ። «ምን ጻፍክ?» ያለኝ ሰው ነው ያተረፈኝ።