በመካነ ሰላም ጅረት ዳር የሚታዩትን ወፎች ስለ መለየት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ብርዳሙን የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ በአቀስታ በኩል ካለፈ በኋላ ቦረና ይደርሳል፤ የቦረናም ከተማ መካነ ሰላም ናት። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ዓባይ በረሓ ያዘቀዝቃል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የደንቆሮ ጫካ፣ ማለት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ በዚሁ አገር ስለ ኾነ እንግዳ ኹሉ የሚጠይቀው ስለ እነዚህ አራዊት ነው። እኔ ግን ለክቡራን አንባቢዎች የማመለክተው በየጨፌውና በየጅረቱ ዳር እየተራመዱ ከጭቃው ትል ስለሚለቅሙት፣ ሲያዩአቸውም አንድ ስለሚመስሉት ሦስት ትንንሽ ወፎች ነው።

ሦስቱም ዠርባቸው ቡናማ፣ ሆዳቸው ነጭ፣ መንቁራቸው ቀጥ ያለ ነው። በእንግሊዝኛ ግሪን ሳንድፓይፐር፣ ውድ ሳንድፓይፐርና ኮመን ሳንድፓይፐር ይባላሉ። የስዊድኑ ሊቅ ሊኒዎስ ሦስቱንም ለየብቻቸው ስም ሰጥቶ የመዘገባቸው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1758 ዓ.ም. ነው። የሚፈለፈሉት በሰሜን አውሮፓና በእስያ ሲኾን በዚያ ብርዱ ሳይጠና ተነሥተው ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ክረምታችን ሊያልቅ ሲል መድረስ ይዠምራሉ፤ እስከ ሚያዝያም ድረስ ይታያሉ።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ኾንሁ በመዝገብ ላይ ያልኾነውን መጻፍ ምን ያህል ነውር እንደ ኾነ ዐውቃለሁ። ነገር ግን መነጽር ገዝቼ ወፍ መመልከት በዠመርሁበት ዓመት ያየሁትን ኹሉ «ውድ» እያልሁ በደብተሬ ጻፍሁ። (ይኸውም ቃል በቋንቋቸው ዱር ማለት ነው እንጂ ዋጋው የከበረ ማለት አይደለም።) ወፉ ሲነሣ ከዥራቱ በላይ ነጭ ኾኖ ታየኝ፤ መጽሐፉም ውድ እንዲህ ያለ ነጭ አለው ይላል፤ ቀጥሎ ያለውን ግን አላነበብሁም። የዐሥር ዓመት ልጄም ከእኔ ሰምታ ለጓደኞቿ አስተማረች።

በጥር ወር አንድ ቀን ከልጄ ጋራ በጅረቱ ዳር ተቀምጠን ሳለን «አባዬ፣ ይኸኛው ዥራቱን ያለ ዕረፍት ያወዛውዛል፤ ሲበርም ነጩ የለም፤ እንዴት ውድ ይኾናል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። በዚያም ሌሊት መጽሐፉን ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበብሁት።

ልጄ ያየችው ኮመን ነበር። እርሱ ቆሞም ሲሄድም ኋላውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ የሆዱ ነጭ በክንፉ መታጠፊያ ፊት ወደ ላይ ሾልኮ ይታያል፤ ሲበርም ክንፉን ግትር አድርጎ ውሃውን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ይህን ለይቶ ማወቅ ቀላል ነው።

ችግሩ በቀሩት በኹለቱ ነው፤ ከዥራት በላይ ያለው ነጭ የኹለቱም ነውና። እውነተኛው ምስክር የክንፉ ውስጥ ነው፤ የግሪን ጥቁር ለማለት ጥቂት የቀረው ሲኾን የውድ ፈዘዝ ያለ ነው። ቆመው ሳሉ ደግሞ ውድ ዠርባው በነጠብጣብ የተዥጐረጐረ ነው፤ ነጭ ቅንድቡም ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የግሪን ቅንድብ ግን ከዓይኑ ፊት ይቀራል። የእግራቸው ቀለም የአንዱ ወደ ብጫ፣ የሌላው ወደ አረንጓዴ ያደላል ይባላል፤ ኾኖም ጭቃ የነካውን እግር አምኖ መፍረድ አይገባም። ድምፃቸውን የሰማ ሰው ይበልጥ ይረዳል፤ ግሪን ጥርት ያለ ፉጨት ያሰማል፤ ውድ ግን ቺፍ ቺፍ ቺፍ እያለ ይቸኩላል። የሚያስቀው ነገር፣ በዛፍ ላይ ሌላ ወፍ የተወውን ጎጆ ይዞ እንቍላሉን የሚጥለው ግሪን ነው፤ በዱር የተሰየመው ውድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመሬት ላይ ይጥላል።

በማግስቱ ደብተሬን ገልጬ በፍርድ ቤት እንደምናደርገው ስሕተቱን ሳልፍቅ በአንድ መስመር ሰረዝሁት። ሠላሳ አንድ መስመር ነበር። ስለ ክንፉ ውስጥ አንዳች ቃል ስላልጻፍሁ ግሪን ይኹን ውድ ማወቅ አይቻልም፤ በየዳርቻው «ያልታወቀ» ብዬ ቀኑን አኖርሁበት። ልጄ ግን ይህ አልበቃትም፤ ለጓደኞቿ እኔው ራሴ ሄጄ እንድነግራቸው ጠየቀችኝ፤ ሄጄም ነገርኋቸው።