ኮሌጁ ተዘግቶ ስሙ የቀረ ቡድን

በወግዲና በመካነ ሰላም ደጋ የገና በዓል በደረሰ ጊዜ ጎረምሳውና ጎልማሳው ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳ ሲወርድና በሩር ሲሻማ፣ ልጃገረዶች ግን ከዳር ቆመው ከመመልከትና በእልልታ ከማጀብ ያለፈ ዕድል ሳያገኙ መኖራቸውን በዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን የማነሣው ሥርዓተ አበውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዱላና ኳስ በሴቶች እጅ በገቡ ጊዜ የተሠራውን ታሪክ ለእኅቶቼና ለወንድሞቼ ልተርክ ስለ ወደድሁ ነው።

ሶፍትቦል የሚባለው ጨዋታ በ1880 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ፣ በአንድ የጀልባ ክበብ አዳራሽ ውስጥ፣ የቦክስ ጓንት በገመድ ታስሮ ኳስ፣ እንጨትም ዱላ ሆኖ ለጊዜ ማሳለፊያ ተጀመረ። እኔን ግን ከዚህ ጅማሬ ይልቅ የሚመስጠኝ፣ ከኦማሃ በስተ ምዕራብ በኔብራስካ ክፍለ ሀገር፣ ዋሁ በምትባል ትንሽ የገበሬዎች ከተማ የነበረው፣ በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ስም የተሰየመው ኮሌጅ ነው። የሴቶች ኮሌጆች የሶፍትቦል ውድድር በ1961 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦማሃ በተደረገ ጊዜ፣ ስመ ጥር ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በሞሉበት በዚያ ሰፊ አገር፣ አክሊሉን የተቀዳጁት የዚህ ትንሽ ኮሌጅ ልጃገረዶች ነበሩ፤ በ1962 እና በ1963ም ደገሙት፣ ሠለሱት።

በትምህርት ቤት ለሴትና ለወንድ እኩል ዕድል እንዲሰጥ የሚያዝዘው የአሜሪካ ሕግ በፕሬዚዳንት ኒክሰን የተፈረመው ሰኔ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ በልቡናው ያኑርልኝ፤ ልጃገረዶቹ ሦስት ጊዜ ድል ያደረጉት ሕጉ ገና ሳይጻፍ ነውና። ኮሌጁ በ1967 ዓ.ም. ተዘጋ። በ1974 ዓ.ም. በሌላ ማኅበር አስተዳደር አዲስ ሻምፒዮና ተጀምሮ የሎስ አንጀለሱ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሸነፈ፤ ጨዋታውም በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ ገባ፤ ይኸውም የእኛዋ ፋጡማ ሮባ ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚ ሆና የማራቶን ወርቅ ያገኘችበት ኦሊምፒክ ነው። ትምህርት ቤታቸው ከምድር ቢጠፋም የዋሁ ልጃገረዶች ድል እስከ ዛሬ በአሸናፊዎች መዝገብ አናት ላይ ይነበባል፤ የጻፈላቸው ሰው ነበረና።

እኛ ቅዱሳንን በየዕለታቸው በስንክሳር የምናስብ ሕዝብ ስንሆን፣ የሴት ተማሪዎቻችንን የስፖርት ዜና መዋዕል መጻፍን ለምን እንደ ተውነው አይገባኝም፤ ያሳዝነኛልም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያቆማቸው ግቢዎች ገና ወጣት ናቸው፤ መጀመሪያ ኳስ የመቱ ሴት ተማሪዎችም፣ እግር ኳስ ይሁን መረብ ኳስ፣ ዛሬ በሕይወት ያሉ፣ ምናልባትም በወግዲ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ናቸው። ዘመኑ ከረዘመ በኋላ ግን የሚጠየቅ ምስክር አይገኝም።

ስለዚህ በእነዚህ ግቢዎች ወይም በወረዳችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጫወታችሁ እኅቶቼ ሆይ፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ ሜዳው የት እንደ ነበረ፣ ማልያውን ማን እንደ ገዛላችሁ፣ ከማን ጋር ገጥማችሁ ስንት ለስንት እንደ ተለያያችሁ ከዚህ በታች ጻፉልኝ፤ ፎቶግራፍ ያላችሁም ጨምሩ። ፈቃዳችሁ ከሆነ በቅደም ተከተል አሰናድቼ፣ አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላውን ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት አስረክባለሁ።